“የሙሉ ጊዜ አገልጋይ” ማን ነው? የዕለት ሥራ እንደ አምልኮ

መግቢያ

ከአሶሳ ወደዚህ ትምህርት ክፍል ልመጣ ስሰናዳ፣ ወዳጆቼና የቤተ ክርስቲያናችን ወገኖች ሲሸኙኝ ያሉኝ ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፦ “እሰይ! በመጨረሻ ወደ አገልግሎት ገባህ።” ከዚያ በፊት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼ ወጪ አደርጋለሁ። ሲመርቁኝ እኔም “አሜን” ብዬ ተቀበልኩ። ቆይቶ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ወደ አገልግሎት የገባሁት አሁን ከሆነ፣ እነዚያ ስድስት ዓመታት ታዲያ ምን ነበሩ?

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይመስለኝም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ “የሙሉ ጊዜ አገልጋይ” የምንለው አነጋገር አለ። ኑሮውን በቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ ያደረገውን መጋቢና ወንጌላዊ ከሌላው ለመለየት ይጠቅመናል፤ በዚህ በኩል ክፋት የለውም። ነገር ግን ሳናስበው ሌላ ትርጉም ያስከትላል። ነርሷ፣ ገበሬው፣ ሾፌሩ፣ ጉልት የምትቸረችረው እህት የትርፍ ጊዜ አገልጋዮች ናቸው ማለት ነው? “አምልኮ” የሚለውንም ቃል እንዲሁ አጥብበነዋል። “ዛሬ አምልኮው ግሩም ነበር” ስንል መዝሙሩን ማለታችን ነው። ኪቦርዱ ሲከፈት ይጀምራል፣ ሲዘጋ ያበቃል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የዕለት ሥራ አምልኮ የሚሆነው ሃይማኖታዊ ነገር ስለ ተጨመረበት አይደለም። በእግዚአብሔር ፊት እንዳለን አውቀን፣ ሥራው ለሚደርሰው ሰው ስንል፣ በእውነትና በሙሉ ልብ ስንሠራው ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ አንድ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ፤ ቀጥሎ ቃላቱን፣ መጽሐፍ ቅዱስንና የአገራችንን ታሪክ እንይና ወደ አሶሳ እንመለሳለን።

የአንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

በመሥሪያ ቤታችን የምንሰባሰብ አማኞች ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት አብረን እንጸልይ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። አንድ ረቡዕ ጠዋት ከሩቅ ወረዳ የመጡ አንዲት የበርታ እናት የሟች ባለቤታቸውን የጡረታ ጉዳይ ይዘው መጡ። አማርኛ ብዙ አይችሉም፤ አንድ ትንሽ ልጅ ያስተረጉምላቸዋል። ደብዳቤያቸው ተፈርሞ ወጥቶ ነበር፤ የቀረው ቁጥርና ማኅተም ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር “ከምሳ በኋላ ይምጡ” ብዬ ቆለፍኩና ሄድኩ።

ሥራ የሚጀመረው 7፡30 ነበር። ጸሎቱ ደግሞ ያን ቀን ሞቅ አለ። ማንም ሰዓት ያየ የለም። ስመለስ 8፡20 ሆኗል። እናቲቱ ኮሪደሩ ላይ እንደ ተቀመጡ ናቸው። “እናቴ፣ ይቅርታ፣ ጸሎት ላይ ነበርን” አልኳቸው። ልጁ ተረጎመላቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። “ምን አሉ?” አልኩት ልጁን። “መኪናው ሄደ ወይ ነው የምትለው” አለኝ።

መኪናው ሄዷል። ደብዳቤውን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰጠኋቸው። ያን ሌሊት የት እንዳደሩ ግን አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም። በዚያ ቀን ጸሎታችን ስለ ክልላችን ሕዝብ ነበር።

ይህን የምጽፈው ጸሎትን ለማንኳሰስ አይደለም። ጸሎቱ ቅን ነበር። ችግሩ ከቁልፉ ይልቅ ጸሎቱን ብቻ አምልኮ ማድረጌ ነው። ቁልፉም በአደራ የተሰጠኝ መሆኑን በዚያን ጊዜ አልገባኝም።

ቃላቱ ራሳቸው ምን ይላሉ?

“አገልግሎት” የሚለውን ቃል እንውሰድ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ “የአገልግሎት ፕሮግራም” ተብሎ ይለጠፋል፤ በመሥሪያ ቤት ደጃፍም “የአገልግሎት ሰዓት” ተብሎ ይለጠፋል። አማርኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል አላዘጋጀም። የለየናቸው እኛ ነን።

ግዕዙ ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። “ገብረ” ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ከዚህ ሥር የወጡትን ቃላት ብንደረድር ያስገርማል። “ግብር” ሥራ ነው፤ ለመንግሥት የሚከፈለውም ግብር ነው። “ተግባር” እና “ምግባር” ከዚሁ ናቸው። “ገብር” አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው፤ ገብረ እግዚአብሔር፣ ገብረ ማርያም እያልን ስም የምናወጣው ከዚህ ነው። መሬቱን የሚያርሰው “ገበሬ” ይባላል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት የሚነበበው መጽሐፍ “ግብረ ሕማማት” ነው። ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ስንዴ ደግሞ “መገበሪያ” ይባላል።

ይህን የመጨረሻውን ልብ እንበል። በመሠዊያ ላይ የሚቀርበው የስንዴ ዛላ ሳይሆን ኅብስት ነው፤ የወይን ዘለላ ሳይሆን ወይን ጠጅ ነው። ማለትም ሰው አርሶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ፈጭቶ፣ ጋግሮ ነው የሚያቀርበው። ያለ ገበሬው መገበሪያ የለም። ወደ እግዚአብሔር ፊት ከምናመጣው ስጦታ ውስጥ የሰው የእጅ ሥራ አስቀድሞ ገብቶበታል።

ወደ ሌሎቹ ቋንቋዎች ብንሄድም ነገሩ አይለወጥም። እኛ “ሊጦርጊያ” የምንለው የጸሎት ሥርዓት ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። በጥንቱ የግሪክ ከተሞች ቃሉ አንድ ዜጋ ለሕዝብ ጥቅም የሚፈጽመውን ሥራና ወጪ ያመለክት ነበር። በዕብራይስጥ ደግሞ ዓባድ የሚለው ግሥ መሥራትንም፣ ማገልገልንም፣ ማምለክንም ይይዛል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም ገነትን እንዲያበጃት የተሰጠው ትእዛዝ በዚህ ግሥ የተነገረ ነው። በኦሪት ዘጸአት ሕዝቡ ወጥቶ እግዚአብሔርን እንዲያመልክ የተጠየቀውም በዚሁ ግሥ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። እስራኤል በግብፅ ጡብ እየጣሉ የተጨነቁበት ባርነትም የሚነገረው በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ “ሥራ ሁሉ አምልኮ ነው” ብሎ መደምደም አይቻልም። አንዱ ሥራ ሰውን የሚቀጠቅጥ ባርነት ነው፤ ሌላው እግዚአብሔርን ማገልገል ነው። የሚለያቸው ለማን እንደሚሠራና ሠራተኛው እንዴት እንደ ተያዘ ነው።

ይህ ለእኛ አካባቢ ሰው የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። ቤኒ ሻንጉል በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ “ግብር” ማለት በዋናነት ወርቅ ነበር። እስከ ሱዳን የሚሄድ የባሪያ ንግድም ለረጅም ዘመን አካባቢውን አራቁቶታል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቶቻቸው ለሌላ ሰው ወርቅ ሲያጥቡ ለኖሩ ሰዎች “ሥራ አምልኮ ነው” ብሎ የሚሰብክ ሰው፣ የትኛውን ሥራ እንደሚል መለየት ይኖርበታል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ሥራ

በመጽሐፍ ቅዱስ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ በግልጽ ከተነገረላቸው ቀደምት ሰዎች አንዱ ባስልኤል ነው (ዘጸ. 31)። ነቢይ አልነበረም፤ ካህንም አልነበረም። በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነበር። የመንፈሱም ስጦታ ለዚያው ሥራ ጥበብ ነበረ። ጌታችን የናዝሬት ሰዎች የሚያውቁት በጸራቢነቱ ነው (ማር. 6)። ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18)።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የነካኝ ግን መጥምቁ ዮሐንስ ለሕዝቡ የሰጠው መልስ ነው (ሉቃ. 3)። ቀራጮች መጥተው ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። ቀራጭነት በዚያን ዘመን የተጠላ ሥራ ነው። “ሥራችሁን ትታችሁ ወደ እኔ ወደ በረሃ ኑ” ቢላቸው አያስደንቅም ነበር። እሱ ግን ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይሰበስቡ ነው የነገራቸው። ለጭፍሮቹም እንዲሁ፣ ሰው ሳይበድሉና በሐሰት ሳይከሱ በደመወዛቸው እንዲኖሩ። ንስሐቸው የሚታየው ነገ ጠዋት በሥራ ቦታቸው ላይ ነው።

ነቢያቱም ያንኑ ከሌላው ወገን ይናገራሉ። በኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሕዝቡን ጾም የሚነቅፈው ጾሙ ስላጠረ አይደለም፤ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን ስለሚያስጨንቁ ነው። በአሞጽ ምዕራፍ 5 ደግሞ ፍርድ በሌለበት የመዝሙራቸውን ጩኸት አልሰማም ይላል። መዝሙሩ ጥሩ አልነበረም አላለም። የመዝገብ ቤቱ ኮሪደር ላይ የተቀመጡ እናት እያሉ እኛ ያን ቀን የዘመርነውም መዝሙር ጥሩ ነበር።

በአገራችን የተናቀና የተከበረ ሥራ

እኛ ኢትዮጵያውያን ሥራን በሚመለከት ሁለት ዓይነት ውርስ አለን። አንደኛው ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን ሰው ለዘመናት ስም እያወጣን ስንሰድብ፣ “ቡዳ ነው” እያልን ስንሸሽ ኖረናል። ማረሻውን ከእሱ እንገዛለን፤ ልጃችንን ግን አንድርለትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት “ተግባረ እድ” መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው፣ ያው “ገብረ” ከሚለው ሥር።

ሁለተኛው ውርስ የገዳማቱ ነው። በግብፅ በረሃ የምንኩስና አባት ስለሚባለው ስለ አባ እንጦንስ የሚነገር ታሪክ አለ። በአንድ ወቅት ልቡ ተሰላችቶ ጸሎት ሲያቅተው፣ አንድ መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ መልሶ ተቀምጦ ሲጎነጉን ታየው። መንገዱ ይህ መሆኑን ተረዳ። ከእሱ በኋላ የመጣው አባ ጳኩሚስ ሥራንና ጸሎትን አንድ ላይ ያዋቀረ የአንድነት ኑሮ ሥርዓት ሠራ፤ ይህም ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ በገዳሞቻችን ይታወቃል። ሕዝባችንስ ቢሆን “ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” ሲል ይቀልድ የለ? ቀልዱ ውስጥ ቁምነገር አለ። መነኩሴም ቢሆን እጁ ሥራ ይፈልጋል።

በ16ኛው መቶ ዘመን ማርቲን ሉተር የተነሣበት አንዱ ነጥብ ይህ “ጥሪ” ለመነኮሳት ብቻ የተሰጠ መምሰሉ ነበር። የልጁን የሽንት ጨርቅ በእምነት የሚያጥብ አባት እግዚአብሔርን ደስ እንደሚያሰኝ አስተማረ። በጀርመንኛ መተዳደሪያ ሥራን የሚያመለክተው ቤሩፍ የሚለው ቃል ከ“ጥሪ” ጋር መያያዙ የዚያ ትምህርት ቅሪት ነው።

የ1964ቱ ደብዳቤ

ወደ አገራችን የወንጌላውያን ታሪክ ስንመጣ አንድ ሰነድ ሳይነሣ አይታለፍም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተች ናት። በግንቦት 1964 ዓ.ም. ወንጌልን በማወጅና በሰው ልጅ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ለውጭ አጋሮቿ አንድ ደብዳቤ ላከች። በጊዜው የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭ ለጋሾች ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለስብከትና ለመሪዎች ሥልጠና ግን እጃቸው ያጥራል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን ተቃወመች። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ በሁለት በጀት የሚከፈል አይደለም፤ የሚራበውም፣ የሚታመመውም፣ ነፍሱ የምትጠማውም አንድ ሰው ነው የሚል ነበር የመልእክቷ ፍሬ ነገር። ከዚያ ወዲህ “ሁለንተናዊ አገልግሎት” የምንለው አስተሳሰብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስሙ ይነሣል።

ቄስ ጉዲና ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኙትም። የወለጋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ወደ ነገረ መለኮት ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በነቀምት ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል። ቁስል አጥበው ያውቃሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገድለው መቀበራቸውም የታወቀው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

እኛ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ስናነብ ለጋሾቹን እንወቅሳለን። እስቲ ወደ ራሳችን እናዙረው። እነሱ ሥጋውን ወስደው ነፍሱን ተዉ። እኛ ደግሞ ነፍሱን ወስደን ሥጋውን ትተን እንደሆነስ? ስለ እናቲቱ እየጸለዩ ደብዳቤያቸውን ቆልፎ መሄድም ሰውን በሁለት መክፈል ነው።

አሶሳ ላይ ሲታይ

ታዲያ በአሶሳና በዙሪያዋ ይህ ነገር ምን ይመስላል? ጥቂት ምሳሌ ላንሣ።

በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች ብዙ እናቶች በባህላዊ መንገድ ወርቅ ያጥባሉ። ጀርባ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ተውሎ የሚገኘው ጥቂት ብናኝ ሊሆን ይችላል። ያን ብናኝ የሚገዛው ሰው ክርስቲያን ከሆነ፣ አምልኮው የት ነው? መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛንን እግዚአብሔር እንደሚጸየፍ ይናገራል። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ነው። እሑድ የሚሰጠው አሥራት ማክሰኞ ከሚዛኑ የጎደለውን አይሞላም።

ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ በአካባቢያችን የቤት ግድግዳ፣ አጥርና የቤት ዕቃ ይሆናል። በጊዜው ያልተቆረጠ ወይም በደንብ ያልደረቀ ቀርከሃ ነቀዝ ይበላዋል። ቤቱ ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ከተለሰነ በኋላ ተሸፍኗል። የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ አናጢ ደረቁን መርጦ ሲያቆም፣ ማንም “ሃሌሉያ” ባይለውም አምልኮ ላይ ነው።

በትልቁም ቢሆን ያው ነው። በክልላችን በመተከል ዞን ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ሁሉ ኮንክሪት በአንድ ጊዜ የቆመ አይደለም፤ በስሱ እየተነጠፈ፣ እየተዳመጠ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተደረበ የወጣ ነው። በጉባ ቃጠሎ የሠራው ሠራተኛ ትናንት ያነጠፈው ዛሬ በሌላ ንጣፍ ተሸፍኗል። ከምረቃው ቀን ጎብኚ አንድም ሰው አያየውም። ግድቡ የሚይዘው ግን በዚያ በማይታየው ነው።

ደግሞ የክልላችንን ሕዝብ እንመልከት። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ አሉ። በ1970ዎቹ ከወሎና ከሌላ ቦታ በሰፈራ የመጡ፣ አሶሳ ዙሪያ “አምባ” እየተባለ፣ ፓዌ ላይ “መንደር” እየተባለ በቁጥር በተሰየሙ ቦታዎች የከተሙ አሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ወደ 45 በመቶ የሚሆነው ሙስሊም፣ ወደ 33 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ ወደ 13 በመቶ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበር። ይህ ማለት አንድ የወንጌላውያን አማኝ መስኮት ላይ ቆሞ ከሚያስተናግዳቸው ሰዎች አብዛኞቹ እሑድ ከእሱ ጋር አይዘምሩም። ስብከቱንም አይሰሙም። የሚያዩት ፋይሉን እንዴት እንደሚፈልግላቸው ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በካማሺና በመተከል ዞኖች በተነሡ ግጭቶች ብዙ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። በዚህ ባለፈ አገር ሰው መሥሪያ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠይቀው “የእኔን ጉዳይ እንደ ሌላው ሰው ያዩልኝ ይሆን?” ብሎ ነው። ተራውን ሳያዛቡ፣ ብሔሩንና ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ ማስተናገድ በእኛ ክልል ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ይህ ሐሳብ መሥሪያ ቤትን ወደ ቤተ ጸሎት መለወጥ ማለት አይደለም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። የመንግሥት ጠረጴዛ ላይ ጥቅስ መለጠፍ፣ ባለጉዳይን ተራ እያስጠበቁ መመስከር ሥራውን አምልኮ አያደርገውም። ባለጉዳዩ የመጣው ለደብዳቤው ነው። መልስ መስጠት ካለብን ሲጠይቀን ነው። የሥራ ሰዓት የእኛ አይደለም፤ ስለዚህ ከእሱ ቀንሰን የምንሰጠው መሥዋዕት ከሰው ማሳ የታጨደ ነው። የምሳ ሰዓት ጸሎት ይቀጥል፤ 7፡30 ሲሆን ግን “አሜን” ይባል።

ሁለተኛ፣ ይህ ትምህርት በአለቃ እጅ ሲወድቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። “ለጌታ ብለህ ሥራ” ተብሎ ደመወዝ የሚዘገይበት፣ ትርፍ ሰዓት የማይከፈለው ሰው ሞልቷል፤ በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥም ጭምር። ጳውሎስ በቆላስይስ ምዕራፍ 3 ለጌታ እንደሚደረግ አድርጎ ስለ መሥራት የጻፈው ለባሪያዎች መሆኑን አንርሳ። ወዲያው ቀጥሎ በምዕራፍ 4 መጀመሪያ ጌቶቻቸውን ጽድቅንና ትክክለኛነትን እንዲሰጡ ያዝዛቸዋል፤ እነሱም በሰማይ ጌታ አላቸውና። የመጀመሪያውን ሰብኮ ሁለተኛውን የሚዘል ሰባኪ ግማሹን ብቻ ሰብኳል።

ዕረፍትም የዚሁ አካል ነው። ቤተ ክርስቲያን በአገራችን በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ስለ ሁለቱ ሰንበታት የተከራከረችውና የወሰነችው ዕረፍት የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ማረፍ የማይችል ሰው ሥራውን አምላኪ ሆኗል፤ ሥራውን አምልኮ አላደረገም። ግብፅ ውስጥ ያልነበረው አንድ ነገር ሰንበት ነው።

ማጠቃለያ

እኛ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ነን። ብዙዎቻችን ተመርቀን በየአጥቢያው እናገለግላለን። ስለዚህ ነገሩ በተለይ እኛን ይመለከታል። አጥቢያዎቻችን ወንጌላዊ ሲልኩ እጅ ጭነው ይጸልዩለታል፤ መልካም ነው። በመስከረም ወር ትምህርት ሲከፈት ግን ለመምህራኑ ቆመን ስንጸልይ አላየሁም። ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለሹፌሮች፣ ዝናብ ሲገባ ለገበሬዎች እንዲሁ። ምእመናንን ስንጠይቅም ቤታቸው እንጂ ሥራ ቦታቸው አንሄድም። “ጸሎት እንዴት ነው?” እንላለን፤ “ሥራ ላይ የሚከብድህ ፈተና ምንድን ነው?” አንልም። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለመጀመር በጀት አያስፈልግም።

“የሙሉ ጊዜ አገልጋይ” ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ደመወዝ ከፈለችው አልከፈለችው፣ የተሰጠውን ሥራ ለጎረቤቱ ብሎ በጌታ ፊት የሚሠራ ሁሉ ነው። እንግዲህ እኔም አሁን ወደ አገልግሎት አልገባሁም። ስድስት ዓመት ውስጡ ነበርኩ፤ ግማሹን ሳላውቀው አሳለፍኩት።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ እስክለቅ ድረስ አንድ ልማድ ያዝኩ። ለምሳ ከመቆለፌ በፊት ወደ ኮሪደሩ እወጣና “መኪና የሚያመልጠው አለ?” ብዬ እጠይቃለሁ። ካለ የእሱን እጨርሳለሁ። አንዳንዴ ጸሎቱ ላይ አምስት ደቂቃ እዘገያለሁ። ወንድሞች “ዛሬም ዘገየህ” ሲሉኝ ምን እንደምመልስ መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን ቢሆን የምመልሰውን አውቃለሁ፤ አልዘገየሁም፣ እዚያ ጀምሬው ነው የመጣሁት።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።